በግራ በኩል ያለው

በሆቴሉ ምድር ቤት ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ የምትተኩሰውን ሴት የስራ ባልደረቦቿ ጭምት ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት ከጎኗ ቆማ ፎጣ የምታጥፈው ሬዲዮ ናት። ሬዲዮ ራሷ ሬዲዮ የተባለችው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከተከፈተች ፈረቃው እስኪያልቅ ስለማትዘጋ ነው። ዕድሜዋ ወደ ስልሳው ተጠግቷል፤ አራት ልጆች አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች፤ አስተያየት የማትሰጥበት ነገር ደግሞ የለም።

ሁለቱ ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ሰርተዋል። እርጥቡ አንሶላ በጋሪ ይመጣል፤ ጭምት ሁለቱን ጫፎች ይዛ ታራግፈውና ወደ ትልቁ የሚሽከረከር ካውያ ታስገባዋለች፤ በወዲያኛው በኩል ደርቆ፣ ተስተካክሎ፣ እጅ የሚለበልብ ሆኖ ይወጣል። በቀን አራት መቶ ያህል። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ግድግዳው በጋ ከክረምት ያልበዋል።

በየወሩ ሶስት ወይም አራት ቀን ግን ጭምት የምትሰራው በአንድ እጇ ነው። ሌላው እጇ ከእምብርቷ በታች ግራ ጎኗን ደግፎ ይይዛል። ቁርጠቱ ሲበረታባት የታጠፈው ፎጣ ክምር ላይ በግንባሯ ትደፋና እስኪያልፍላት ትጠብቃለች። ያኔ ሬዲዮ እንኳ ድምጿን ትቀንሳለች።

ሕመሙ የጀመራት በአስራ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ «የሴት ነገር ነው፤ ስትወልጂ ይተውሻል» ብላት ነበር፤ እሷም አምና ተቀመጠች። አሁን ሠላሳ አምስት ሞልቷታል። አልወለደችም፤ ሕመሙም አልተዋትም።

ባሏን ሰው ሁሉ ሊፍቱ ይለዋል። የዚያ ሆቴልና የአካባቢው ፎቆች ሊፍት ሲበላሽ የሚጠግነው እሱ ነው። የተዋወቁትም አንድ ቀን እሷ ከነአንሶላ ጋሪዋ ሶስተኛና አራተኛ ፎቅ መሀል ሊፍት ቆሞባት፣ እሱ ሊያወጣት መጥቶ ነው። በሩን ለመክፈት አርባ ደቂቃ ፈጀበት። ከተጋቡ በኋላ ሃያዋን ደቂቃ ወሬው ጥሞት እንዳራዘማት አምኗል። ትዳር ከያዙ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ መፈለግ ከጀመሩ አራት።

በሶስተኛው ዓመት ሊፍቱ «መጀመሪያ እኔ ልመርመር» ብሎ ሄደ። ምንም የለብህም ተባለ። ደስ አላለውም፤ ችግሩ የሱ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል እንደነበር ነው ያሰበው። ከዚያ ተራው የጭምት ሆነ። አልትራሳውንድ የምታነሳው ልጅ መሳሪያውን በግራ በኩል ስታደርስ ወሬዋን አቋረጠች፤ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረች፤ ከዚያም «አንዴ መጣሁ» ብላ ወጣች። ጭምት ሆዷ ላይ በተቀባው ቀዝቃዛ ቅባት ጣሪያውን እያየች ጠበቀች። «አንዴ መጣሁ» ያለችው ልጅ ከሐኪም ጋር ተመለሰች።

ሐኪሟ የመካንነት ሕክምና የምትሰጥ፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ የምትረሳ ሴት ናት። ወረቀት ላይ ማህፀን ሳለች፤ በግራና በቀኝ ሁለት እንቁላል ማምረቻዎችን ሳለች፤ ከዚያ የግራው ላይ ትልቅ ክብ አሰመረች።

«ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል» አለች። «በማህፀን ውስጥ ያለውን ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጪ በቅሎ ነው። በየወሩ የወር አበባሽ ሲመጣ እሱም እዚያው ይደማል። ደሙ ግን መውጫ የለውም። አንቺ ጋ እንቁላል ማምረቻው ላይ ተጠራቅሞ ሲስት የሚሉትን ከረጢት ሰርቷል። አምስት ሴንቲ ተኩል ነው። ደሙ ሲቆይ እየጠቆረና እየወፈረ ስለሚሄድ ቸኮሌት ሲስት ይሉታል።»

«እና ያመኝ የነበረው…»

«እሱ ነው። አንዱ ምክንያት።»

ጭምት ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የሴት ነገር ስትለው የኖረችው ነገር ስም እንዳለው ስትሰማ የተሰማትን ራሷም አላወቀችውም። ንዴትም አይደለም፤ እፎይታም አይደለም። ከክሊኒኩ ስትወጣ መንገድ ተሻግራ ወዴት እንደሚሄድ የማታውቀው ታክሲ ውስጥ ገባች። ረዳቱ «ወዴት ነሽ?» ሲላት ወረደች።

ነገሩ በሳምንቱ አማቷ ጆሮ ደረሰ። አማቷ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ያለ ነው፤ ሊፍቱ በስልክ ሲያስረዳቸው ከሁሉም ነጥለው የያዟት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።

«ይኸው ተገኘ!» አሉ፤ በማግስቱ እነጭምት ቤት መጥተው። «አላልኩም? ጣፋጭ ታበዢ ነበር። ስትመጪ ሁሌ ቦርሳሽ ውስጥ አያለሁ!»

«እማዬ፣ ቸኮሌት በልቼ አይደለም። ደም ነው፤ መልኩን አይተው ነው እንደዚያ ያሉት።»

«ታዲያ ደም ከሆነ ለምን ደም አይሉትም?» አሉና ቁም ሳጥኑ ላይ ያገኟትን አንዲት ብስኩት እንኳ ሳይቀር ጠራርገው በቦርሳቸው ይዘው ሄዱ። ክፋት የላቸውም። ለልጃቸው ልጅ ሲሉ እንቅልፍ አጥተው ነው።

ሕመሙ ስለባሰባት ሊፍቱ ቀዶ ሐኪም ጋ ወሰዳት። ቀዶ ሐኪሙ ጎልማሳ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ፊልሙን ወደ መብራት አንስቶ ሁለት ደቂቃ አላየውም።

«ይወጣል» አለ። «ሆድሽን አንቀድም፤ በሶስት ትናንሽ ቀዳዳ በካሜራ ነው የምንሰራው። ሲስቱን እንልጠዋለን፤ ዙሪያውን እናጸዳለን፤ ሕመሙ በጣም ይቀንሳል። አንዳንዶቹም ከዚያ በኋላ በራሳቸው ያረግዛሉ። ባይወጣ ደግሞ ሊያድግም ሊፈነዳም ይችላል። ለምን ትቆያለሽ?»

ጭምት ልቧ ቀለል አላት። ቀን ተያዘላት። ወረቀቱን ይዛ ወደ ባለመነጽሯ ሐኪም ተመለሰችና ስታሳያት ሐኪሟ ፊቷ ተቀየረ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች። «የደም ምርመራሽን አይተሻል? የቀረሽ እንቁላል በዕድሜሽ ከሚጠበቀው አነስ ያለ ነው። ሲስቱ ሲላጥ ጤነኛውም ክፍል አብሮ ይላጣል። ካለሽ ጥቂት ላይ ሊቀነስብሽ ነው። እኔን ብትጠይቂኝ አትንኪው። ቀጥታ አይ ቪ ኤፍ እንግባ፤ እንቁላሎቹን ወስደን ከባልሽ ዘር ጋር ውጪ እናገናኛቸው። ጊዜ የለሽም።»

«ሲስቱ ሊፈነዳ ይችላል ብሎኝ ነበር ዶክተሩ።»

«ሊሆን ይችላል፤ ግን ብዙ ጊዜ አይከሰትም።»

«ሕመሙስ?»

«ሕመሙን… ማስታገሻ አለ።»

ጭምት ሁለት ወረቀት ይዛ ወጣች። አንዱ ቁረጪው ይላል፤ ሌላው እንዳትነኪው። ሁለቱም ማህተም አላቸው። ሁለቱም ሐኪሞች የተማሩ፣ ደግ፣ ስለሚናገሩት ነገር ቅንጣት ጥርጣሬ የሌላቸው ናቸው። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት።

በዚያ ሳምንት ላውንደሪ ውስጥ የሰራችው ሁሉ አልቀና አለ። የተተኮሰውን አንሶላ መልሳ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተተች። የምግብ አዳራሹን የጠረጴዛ ልብስ አጥፋ አምስተኛ ፎቅ ላከች፤ የፎቁ አስተናጋጅ ደውላ «እንግዶቻችን አልጋ ላይ ሊበሉ ነው ወይ?» አለቻቸው። ሬዲዮ ሳቀች፤ ጭምት አልሳቀችም።

«ነይ እስቲ ንገሪኝ» አለቻት ሬዲዮ፤ ሁለቱንም ወረቀት ተቀብላ ማንበብ ባትችልም አገላብጣ እያየች። «ቀዶ ሐኪሙ ትክክል ነው። የሚያምሽን ነገር ይዘሽ ምን ትጠብቂያለሽ? አውጪው ተገላገይው!»

ከምሳ በኋላ ደግሞ ተመለሰች። «አይ፣ ቅድም ያልኩሽን ተይው። ሴትየዋ ናት ልክ። እንቁላሉ ካለቀ ከየት ታመጪዋለሽ?»

ጭምት ፈረቃው ሲያልቅ ስትለብስ ሬዲዮ ሶስተኛ ሐሳብ ይዛ እየመጣች ነበር። ፊቷን ስታየው ግን ዋጥ አደረገችው።

በቀጣዩ ማክሰኞ ጭምት የቀዶ ጥገናውን ቀን ልታራዝም ሄደች። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ መዝገቡን ስትፈልግ «ባለቤትሽ ባለፈው መጥቶ ዶክተሩን አናግሮት ነበር፤ ያኔ አልነገራችሁትም?» አለቻት።

«ባለቤቴ? መቼ?»

ልጅቷ ያልሆነ ነገር እንደተናገረች ገባትና መዝገቡ ላይ አቀረቀረች።

ጭምት ቤት ደርሳ የሊፍቱን የስራ ቦርሳ ከፈተች። በትዳር ዘመኗ ከፍታው አታውቅም። ከመፍቻዎቹና ከጥቅል ሽቦው በታች አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። የቀዶ ሐኪሙ እጅ ስዕል ነው። ማህፀን አለ፤ ሁለት እንቁላል ማምረቻ አለ፤ ሁለቱም ላይ ኤክስ ተደርጎባቸዋል። ከስር «ሁለቱም ቢወጡ፦ ሕመሙ በአብዛኛው ይቆማል። እርግዝና ግን በራሷ እንቁላል አይኖርም» ተብሎ ተጽፏል።

ወረቀቱን እንደነበረው አጣጥፋ መለሰችው። ከዚያ አወጣችው። ከዚያ መለሰችው። ይህ ሰውዬ ልጅ አይፈልግም ማለት ነው? እናቱ በየቀኑ የሚደውሉለት፣ የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ሰው ሲያይ ሊፍት ውስጥ ቦታ የሚለቀው፣ ለእህቱ ልጆች ከሽቦ ብስክሌት የሚሰራው ሰው? ወይስ ተስፋ ቆርጦባታል? ወይስ እሷን ሳያማክር ከሐኪሙ ጋር ጨርሷል? አምስት ቀን ሙሉ ምንም አላለችውም። እሱም ምን እንዳመጣባት ግራ ገብቶት ከወትሮው የበለጠ ያወራ ጀመር፤ ስለ ሊፍት ገመድ፣ ስለ ቆጣሪ፣ ስለማይረባ ነገር ሁሉ።

እሁድ ጠዋት ሊፍቱ ግቢው ውስጥ ልብስ እያጠበ ነበር። ቤት ውስጥ ልብስ የሚያጥበው እሱ ነው፤ «አንቺ ሳምንቱን ሙሉ የሰው አንሶላ ስታነሺ ስትጥዪ ከርመሽ ደግሞ እሁድ?» ብሎ ከሰርጋቸው ማግስት ጀምሮ የያዘው ስራ ነው። ማጠቡን ግን አያውቅበትም፤ ነጩን ከቀዩ ጋር ይዘፈዝፈዋል፤ እሷም አይታ እንዳላየች ታልፋለች። ያን ቀን ወረቀቱን ዘርግታ ሳፋው አጠገብ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው።

ሊፍቱ እጁ በአረፋ እንደተሞላ ቀና አለ። ወረቀቱን አወቀው።

«ጠየቅሁት እንጂ ይደረግ አላልኩም» አለ።

«ለምን ብቻህን ሄድክ?»

«አንቺ ፊት እንዴት ብዬ ልጠይቀው?»

«ሁለቱንም እንዲያወጣብኝ ነበር የፈለግከው?»

«ስሚኝ» አለና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ባለፈው ወር ሰኞ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ሳገኝሽ ትዝ ይልሻል? ወለሉ ላይ ተጠቅልለሽ፣ ከንፈርሽ ነጭ ሆኖ? ሶስቴ ጠራሁሽ፤ አልሰማሽኝም። እኔ በሩ ላይ መፍቻ ይዤ ቆሜያለሁ። መፍቻ! ምን ላደርግበት ነው? ሊፍት ቢሆን ሞተሩን አያለሁ፣ ፍሬኑን አያለሁ፣ ቢያንስ የተበላሸበትን አውቃለሁ። የዚያን ዕለት ስራ ሄድኩ ብዬ ወጣሁና በቀጥታ ዶክተሩ ጋ ሄጄ እንዲቆም ምን ይደረግ አልኩት። ይኼን ሳለልኝ። ይኼን አይቼ ደግሞ ባሰብኝ።»

«ልጅ አትፈልግም ማለት ነው?»

«እፈልጋለሁ!» አለ ጮኾ። ጎረቤት መስኮት ከፈተ፤ ተዘጋ። ድምጹን ዝቅ አደረገ። «በጣም ነው የምፈልገው። አንቺንም እንዳያምሽ እፈልጋለሁ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም ይሉኛል። ታዲያ ምን ልሁን? የቱን ፈልግ ነው የምትይኝ?»

ጭምት ልትቆጣው አምስት ቀን ሙሉ ያጠራቀመችው ነገር ነበራት። ስትፈልገው አጣችው። ብቻውን በመሄዱ ተናዳለች፤ በሩ ላይ መፍቻ ይዞ መቆሙ ደግሞ አንጀቷን በልቶታል። ቁጭ አለችና ሳታስበው የተዘፈዘፈውን ነጭ ሸሚዝ ከቀዩ ፎጣ ውስጥ መለየት ጀመረች። እሱም እጁን መልሶ እዚያው ውሃ ውስጥ ከተተ።

«ሁለተኛ ብቻህን አትሂድ» አለችው።

«እሺ።»

«ለእማዬም አትንገር።»

«እሷ እንኳ ዛሬም ብስኩት ደብቀሻል ብላ ነው የምታስበው» አለ፤ ሁለቱም ሳይፈልጉ ሳቁ።

በማግስቱ አብረው ባለመነጽሯ ሐኪም ጋ ገቡ። ጭምት እንደ ስሟ ናት፤ ሰው ፊት ብዙ አትናገርም። ያን ቀን ግን ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አደረገችና ተናገረች።

«ዶክተር፣ እኔ አንሶላ ተኳሽ ነኝ። እናንተ ሁለታችሁም የተማራችሁ ናችሁ። አንዳችሁ ይቆረጥ፣ አንዳችሁ እንዳይነካ ትሉኛላችሁ። በመሀል እኔ ነኝ የምቀደደው። እባክዎ ደውለው ይነጋገሩና አንድ ነገር ይንገሩኝ።»

ሐኪሟ አየቻት። መነጽሯን ፈልጋ ጠረጴዛው ላይ አጣችው፤ ሊፍቱ ወደ ራሷ ጠቆማት። አድርጋ ስልኩን አነሳች። ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ስድስት ደቂቃ ተነጋገሩ። ጭምት ከሐኪሟ በኩል የሚሰማውን ብቻ እየለቀመች ከፊቷ ልታነብ ሞከረች። «አዎ… ገብቶኛል… እሱማ እውነት ነው… አይ፣ እኔ ደግሞ የማየው… እ… እ…»

ስልኩን ዘጋች።

«ማን ነው ትክክል?» አለ ሊፍቱ።

«ሁለታችንም አልተሳሳትንም። እሱ የታየው ሕመምሽ ነው፤ እኔ የታየኝ እንቁላልሽ ነው። በዚህ ላይ ሐኪሞችም እርስ በርስ ይከራከራሉ፤ ለሁሉም ሴት የሚሆን አንድ መልስ የለም።» ከዚያ ወደ ጭምት ዞረች። «አንድ ነገር ግን አልጠየቅሁሽም። ለአንቺ የሚቀድመው የቱ ነው? ሕመሙስ ምን ያህል ነው?»

«ደህና ነኝ» አለች ጭምት፤ ከልምድ የምትመልሰው መልስ ነው።

«ደህና አይደለችም» አለ ሊፍቱ።

ያን ጊዜ ነው ጭምት የተናገረችው። ስለ ፎጣው ክምር፣ ስለ መታጠቢያ ቤቱ ወለል፣ ከባሏ ጋር ስትሆን እንኳ ጥርሷን ነክሳ እንደምታልፈው፣ መጸዳጃ ቤት ስትቀመጥ እንደ ምላጭ እንደሚሰማት። ይህን ሁሉ ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ ጠይቋት የሚያውቅም የለም። ሁሉም የጠየቋት አረገዝሽ ወይ ብለው ብቻ ነው። ሊፍቱ አንገቱን ደፍቶ የኮፍያውን ጠርዝ እያዞረ ሰማ።

ሐኪሟ ሶስተኛ መንገድ አቀረበች። መጀመሪያ ሲስቱን ሳይነኩ እንቁላሎቹን መውሰድ፣ ከሊፍቱ ዘር ጋር አገናኝቶ የሚገኘውን ሽል በረዶ ውስጥ ማስቀመጥ። ከዚያ ቀዶ ጥገናው። ከዚያ የወር አበባን ለጥቂት ወራት የሚያቆም መርፌ። ከዚያ ሽሉን ወደ ማህፀን መመለስ። ጭምት በጥሞና አዳመጠች። ሐኪሟ ስትጨርስ «ምናልባት» የምትለዋን ቃል ዘጠኝ ጊዜ ቆጥራለች። ምናልባት በቂ እንቁላል ላይገኝ ይችላል። ምናልባት ሲስቱ ተመልሶ ይመጣል። ምናልባት ሽሉ አይይዝም።

ለሶስት ቀን አሰበች። ማሰብ እንኳ አይባልም፤ አንዱን መንገድ ስትይዝ ሌላው ይጠራታል፤ ያንን ስትይዝ ይኼኛው። በሶስተኛው ቀን ካውያው ፊት ቆማ ሬዲዮን ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

ሬዲዮ ያጠፈችውን ፎጣ ዘረጋችና እንደገና አጠፈችው።

«እንጃ» አለች።

በስምንት ዓመት ውስጥ ይህ ቃል ከሬዲዮ አፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ጭምት ደግሞ እንግዳ የሆነ ዕረፍት ተሰማት። ሁሉም ሰው ሁሉን የሚያውቅ መስሏት፣ ግራ የተጋባችው እሷ ብቻ መስሏት ነበር የኖረችው። በሻይ ሰዓት ወጥታ ለሐኪሟ ደወለችና «መጀመሪያ እንቁላሉን፤ ከዚያ ሲስቱን» አለች። ስትለው እርግጠኛ አልነበረችም። ስልኩን ከዘጋች በኋላም አልሆነችም።

አስራ አንድ ቀን ሆዷ ላይ መርፌ ወሰደች። ሊፍቱ ነበር የሚወጋት፤ የመጀመሪያ ቀን ፈርቶ እሷ ናት ያበረታችው። እንቁላል በተወሰደበት ዕለት ሐኪሟ ሲስቱን እንዳትወጋ ፈርታ በግራ በኩል የነበሩትን ሁለት እንቁላሎች ሳትደርስባቸው ተወቻቸው። ከቀኙ አራት ተገኙ። ከአራቱ ሶስቱ የበሰሉ ነበሩ። ከሶስቱ ሁለት ሽል ሆኑና በረዶ ገቡ።

አማቷ ይህ ሲነገራቸው በጥያቄ ያዟቸው።

«ሁለት ልጅ አላችሁ ማለት ነው?»

«አይደለም እማዬ።»

«የላችሁም ማለት ነው?»

«እንደዚያም አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ናቸው?»

ሊፍቱ ጭምትን አያት፤ ጭምት ሊፍቱን አየችው። ከዚያ ወዲህ አማቷ በደወሉ ቁጥር የቤቱን ሰው ደህንነት ጠይቀው ሲያበቁ «እነዚያስ እንዴት ናቸው? አይበርዳቸውም?» ይላሉ፤ ቀልዳቸውን ይሁን የምራቸውን ማንም አያውቅም።

ቀዶ ጥገናው ሁለት ሰዓት ይፈጃል ተብሎ ሶስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ቀዶ ሐኪሙ ከቆቡ ስር ላብ እየወረደው መጥቶ ለሊፍቱ ሲናገር ጥድፊያው አልነበረበትም። ሲስቱ ወጥቷል። ከእንቁላል ማምረቻው ጋር አንጀቷ ተጣብቆ ነበር፤ ተላቅቋል። «እንዲህ ሆና ነው በየቀኑ ቆማ ስትሰራ የነበረችው?» አለው። ሊፍቱ አዎ አለ። ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ከዚያ የወር አበባን የሚያቆመው መርፌ መጣ። ሶስት ወር ሙሉ ላብ አጠመቃት፤ ላውንደሪ ውስጥ ሙቀቱ የክፍሉ ይሁን የሷ መለየት አቃታት። ትቆጣለች፤ ታለቅሳለች፤ ያለቀሰችበትን ትረሳለች። ሬዲዮ «አንቺም ከኔ ጋር አረጀሽ እንዴ?» እያለች በታጠፈ ፎጣ ታራግብላታለች።

በአራተኛው ወር አንደኛው ሽል ወደ ማህፀኗ ተመለሰ። ሁሉ ነገር አስር ደቂቃ አልፈጀም። በስክሪኑ ላይ እንደ ነጭ ነጥብ ያለ ነገር አሳዩዋት፤ እሷ ብዙም አልታያትም፤ ሊፍቱ ግን አየሁ ብሎ ማለ። የደም ምርመራው ለአስራ ሁለተኛው ቀን ተቀጠረ።

በአስረኛው ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ አንሶላ እያስገባች ሳለ የሆነ እርጥበት ተሰማት። ካውያውን አቆመችና መጸዳጃ ቤት ገባች። ደም ነበር። ጥቂት አይደለም።

ሽንት ቤቱ መቀመጫ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ከአስራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ደሙ ሲመጣ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ ሰውነቷ ሳታዘው ተኮማተረ፤ እጇ ወደ ግራ ጎኗ ሄደ። አምስት ደቂቃ ጠበቀች። አስር ደቂቃ። ውጪ ማድረቂያው ሲዞር ይሰማታል። ትንሽ የመክበድ ነገር አለ፤ ከዚያ ውጪ ምንም አልመጣም። ጎኗን ጫን አድርጋ ነካችው። ምንም።

ፊቷን ታጥባ ወጣችና ካውያውን አስነስታ አንሶላ አነሳች። በሁለት እጇ።

ሬዲዮ ከፎጣዋ ቀና አለች። «ምን ሆነሻል?»

«መጣ።»

«ምኑ?»

«ደሙ። አልያዘም ማለት ነው።» አንሶላውን ገፍታ አስገባችው። «እትዬ፣ ግን አላመመኝም።»

ሬዲዮ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ ፊቷን አይታ ቆመች። ጭምት እንባዋ እየወረደ ነበር፤ አፏ ግን እየሳቀ ነበር። የቱን እንደምታጽናና፣ በየቱ እንደምትደሰት ሬዲዮ ግራ ገባት። ሊፍቱን ስልክ ደውላ አስጠራችው። ከላይ ፎቅ ከነመሳሪያው እየሮጠ በደረጃ ወረደ።

«ምንድን ነው? ጥሩ ነው መጥፎ?» አለ እያለከለከ።

«ሁለቱም ነው» አለችው ጭምት።

ሊፍቱ እዚያው የአንሶላ ጋሪ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። በመጀመሪያ ስለ ሽሉ አለቀሰ፤ እሷ ፊት ሲያለቅስ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ «እውነት አያምሽም? ምንም?» አላት። «ምንም» አለችው። «እዚህ ጋስ?» አላት እየነካት። «ኧረ ሰው ያያል!» አለች። እንደገና ጠየቃት። ሶስቴ ጠየቃት፤ ሶስቴም ምንም አለችው።

የደም ምርመራው አልያዘም የሚለውን አጸና። ባለመነጽሯ ሐኪም አዝና «አንድ ቀርቶናል፤ በሚቀጥለው ወር መሞከር እንችላለን» ስትላት ጭምት ሁለት ወር እንዲሰጣት ጠየቀች።

«ጊዜ ግን…» አለች ሐኪሟ።

«አውቃለሁ ዶክተር። ሽሉ በረዶ ውስጥ ነው፤ አያረጅም ብለውኛል። እኔ ደግሞ ሳያመኝ ኖሬ አላውቅም። ምን እንደሚመስል ልየው።»

ሁለቱን ወር አየችው። ብዙ የተለየ ነገር አላደረገችበትም። ፈረቃ አልቀረችም። አንድ ቅዳሜ ከሊፍቱ ጋር እግራቸው ወደ መራቸው ሲሄዱ ውለው ማታ እግሯ ብቻ ሲያማት ገረማት። ልጅ የሚለው ነገር አልቀለለላትም፤ አንዳንዴ ሆቴሉ ውስጥ የሕፃን አልጋ ልብስ ለተኩስ ሲመጣ ለሬዲዮ ታሳልፈዋለች፤ አንዳንዴ ራሷ ትተኩሰዋለች። የቱን ቀን የቱን እንደምታደርግ አስቀድማ አታውቅም።

ለሁለተኛው ሽል ቀጠሮ ይዘዋል፤ ከዛሬ ዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ረቡዕ ነው። ይይዝ ይሆናል፤ ላይዝም ይችላል። ሊፍቱ ከወዲሁ ፈቃድ ጠይቋል። ጭምት ደግሞ ለአለቃዋ ስትነግር «ለምን ጉዳይ ብዬ ልጻፍ?» ቢላት «ለራሴ ጉዳይ በለው» አለችው።